ቆጣሪው ዜሮ ሲል ጥፋቱ የማን ነው?

ፋይል በየመስመሩ እያነበበ የሚቆጥር የባሽ ስክሪፕት ጻፋችሁ እንበል (ባሽ የምትጽፉለትን ትእዛዝ ተቀብሎ ከሚያስኬዱት፣ ሼል ከሚባሉት ፕሮግራሞች አንዱ ነው)። ቆጣሪውን 0 ብላችሁ ጀመራችሁ፤ ፋይሉን ካት በሚባለው ትእዛዝ ከፍታችሁ፣ የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው ፓይፕ (|) ወደ ዋይል ሉፕ፣ ማለትም ወደሚደጋግመው ክፍል፣ ላካችሁት። ሉፑ ውስጥ ቁጥሩ 1፣ 2፣ 3 እያለ ሲጨምር ይታያችኋል። ሉፑ ካለቀ በኋላ ስታሳትሙት ግን 0 ይላል። ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፣ ጭጭ!

ጀማሪ ግራ ገብቶት ሲጠይቅ «ማኑዋሉን አንብብ» ተብሎ ይሸኛል። እኔ ግን ጥፋቱ የባሽ ነው ባይ ነኝ።

ሉፑ በራሱ ምንም አላደረገም። ጣጣውን ያመጣው ፓይፑ ነው። ባሽ በፓይፕ የተያያዘውን እያንዳንዱን ትእዛዝ ሰብሼል በሚባል የራሱ ቅጂ ውስጥ ያስኬዳል። ሲጨምር የነበረው የቅጂው ቆጣሪ ነው፤ ቅጂው ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። የዴቪድ ኮርን ሼልና ዚሼል ግን የመጨረሻውን ክፍል እዚያው ዋናው ሼል ውስጥ ያስኬዱታል። የሼሎች የጋራ መስፈርት የሆነው ፖዚክስ ሁለቱንም ይፈቅዳል። እናም ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዚሼልን መደበኛ ሼሉ አድርጎ በሚመጣው ማክ ተርሚናል ላይ በትክክል የቆጠረ ሉፕ፣ ሊኑክስ ላይ በባሽ ሲነሳ 0 ይላል።

የቆጣሪውስ ይሁን። የሚያስፈራው ስክሪፕትን የሚያቆመው ኤግዚት የሚባለው ትእዛዝ ነው። ባክአፖችን አንድ በአንድ የሚፈትሽ ሉፕ አለ፤ ባዶ ፋይል ካገኘ «ኤግዚት 1» ብሎ ሁሉን ነገር እንዲያቆም ታስቧል። ከሉፑ በታች ያለው መስመር አሮጌዎቹን ባክአፖች ያጠፋል። ሉፑ በፓይፕ ከሆነ ኤግዚቱ የሚዘጋው ሰብሼሉን ብቻ ነው። ውጤቱን የሚመረምር ከሌለ ስክሪፕቱ ወርዶ ማጥፋቱን ይጀምራል።

መፍትሔው እኮ አለ። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ባሽ 4.2 ላስትፓይፕ የሚባል አማራጭ ጨምሯል፤ ስክሪፕት ውስጥ ሲበራ ባሽም እንደ ኮርን ሼል ይሆናል። ግን ካላበራችሁት ጠፍቶ ነው የሚመጣው። «የድሮ ስክሪፕት ይበላሻል» የሚለው ክርክር ይገባኛል፤ ያም ሆኖ መብራት አለበት እላለሁ። ነባር ስክሪፕት ያለው ያጥፋው።

እስከዚያው አስተማሪዎች ካትን ከዋይል ጋር ማሳየት ቢተዉ ጥሩ ነው። ፋይሉን ሉፑን ከሚዘጋው «ደን» ቀጥሎ በ< መስጠት ይበቃል። ግብአቱ ከትእዛዝ የሚመጣ ከሆነ ባሽ ላይ < <(…) አለ። ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ ስክሪፕቱን በኤስኤች (sh) ካስነሳችሁት ግን የሚያነበው ዳሽ የሚባል ሌላ ሼል ነው፤ ይህን አጻጻፍ ሲያይ ሲንታክስ ኤረር ብሎ ይቆማል። እሱስ ቢያንስ ይናገራል።