ማስተካከያ፦ የውዱእና የጠበል ውሃ ማጠራቀሚያዎችን ስለመቆጣጠር

ለድሬዳዋ መስጊዶችና አብያተ ክርስቲያናት ባሰራጨነው የትንኝ እጭ ቆጠራ መመሪያ ውስጥ ሦስት ስህተቶች ነበሩ። አስተባባሪዎቹን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ትልቁ ስህተት «በርሜሉን በወር አንዴ እጠቡ» ማለታችን ነው። በድሬ ሙቀት እንቁላሉ በራሪ ትንኝ እስኪሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ይታጠብ። ውሃውን መድፋት ብቻም አይበቃም። ደንጌ የተባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለች ትንኝ እንቁላሏን ከውሃው ከፍ አድርጋ ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች፤ እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ውስጡ በሻካራ ብሩሽ ይፈተግ፣ እጣቢው ደረቅ መሬት ላይ ይደፋ፣ ክዳኑ ክፍተት ሳይኖረው ይገጠም።

«የወባ ትንኝ በንጹሕ ውሃ አትራባም» የሚለውም ይሰረዝ። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ትወዳለች። እጭ ቆጣሪዎች፣ ጥላችሁን ውሃው ላይ አትጣሉ፤ እጮቹ ወደ ታች ይሰምጣሉ። ከሰመጡ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። የአኖፊለስ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር አግድም ይተኛል፣ የኤደስ ግን ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ ይንጠለጠላል።

ሦስተኛው፣ የኢማሙ ወይም የደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ለደም ምርመራም እንደሚበቃ ጽፈን ነበር። አይበቃም። የእነሱ ፈቃድ ግቢውን ብቻ ይከፍታል፤ ለደም ናሙና እያንዳንዱ ሰው ራሱ፣ ለልጅም ወላጁ ተጠይቆ መስማማት አለበት። እምቢ ያለ ሰው ስም ለሃይማኖት አባቶች አይነገር።