ከዘፋኙ በላይ ለሚዘፍን አድናቂ የቀረበ ምስጋና

አገር የሚያኮራ ሥራ ሠርቶ ሳይመሰገን የቀረ ሰው ቢፈለግ፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባሉ ሆቴሎች ቅዳሜ ማታ ባንድ ሲጫወት፣ መድረኩ ሥር ቆሞ ስልኩን እንደ ጧፍ ከፍ አድርጎ ይዞ የሚያመሸውን የሙዚቃ አድናቂ የሚቀድም አይገኝም። ዘፋኙ ይጨበጨብለታል፣ የሆቴሉ ባለቤት ትርፉን ይቆጥራል፣ አስተናጋጇም ጉርሻዋን ታገኛለች፤ የዚህ ሰው ክንድ ግን እስኪዝል ድረስ ተዘርግቶ ሲያመሽ እግዜር ይስጥልን ያለው የለም። ዘግይቶም ቢሆን ይህን ውለታ መክፈል ይገባል።

የውለታውን ስፋት ለማሳየት አንድ ዘፈን ይበቃል። የሮክ ሙዚቃ በእኛ ዘንድ ብዙ አድማጭ የለውም ቢባልም፣ «ሆቴል ካሊፎርኒያ» የሚለውን ዘፈን ከነጭራሹ ሰምቶ የማያውቅ የደሴ ልጅ ማግኘት ያስቸግራል። ኢግልስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 መጨረሻ ባወጣው አልበም ውስጥ ያለው ይህ ዘፈን ስድስት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። የመጀመሪያው ቃል እስኪሰማ ድረስ ጊታሩ ብቻውን አንድ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይጓዛል፤ ማሳረጊያው ላይ ደግሞ ዶን ፌልደርና ጆ ዋልሽ ጊታሮቻቸውን ተራ በተራ እያናገሩ፣ ኋላም አንድ ላይ እያስማሙ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆያሉ። እንግዲህ በአንድ ዘፈን ውስጥ ሦስት ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ማንም ሰው ሳይዘፍን ያልፋል ማለት ነው። ይህ ለተራ አድማጭ አፍን ዘግቶ የመቀመጥ ከባድ ፈተና ሲሆን፣ የእኛ አድናቂ ግን ባዶ ቦታ ሲባክን ማየት ስለማይወድ በራሱ ድምፅ ይሞላዋል።

አንድ ቅዳሜ ማታ ኮምቦልቻ ውስጥ የታየው ይህንኑ ያረጋግጣል። እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል። ኢግልስ እ.ኤ.አ. በ1980 ከተበተነ በኋላ በ1994 እንደገና ሲሰባሰብ፣ ይህንኑ ዘፈን የኤሌክትሪክ ጊታሩን አስቀምጦ፣ ቀድሞ ያልነበረ የጊታር መግቢያና የእጅ ከበሮ ጨምሮ ተጫውቶታል። በዚያ ቅጂ ላይ ታዳሚው የሚሰማው ምን እንደሆነ ሳይለይ ይቆይና፣ የለመደው ዜማ ሲገባ ድንገት የሚያሰማው ጩኸት እስከ ዛሬ ከሙዚቃው ጋር ተቀርጾ ይሰማል። የኮምቦልቻው ጊታሪስትም ይህን የሚያውቅ ሰው ነበርና፣ ድራመሩ ዱላውን አስቀምጦ በመዳፉ መምታት ሲጀምር እሱ መግቢያውን በቀስታ ይገነባ ጀመር።

አድናቂያችን ከፊት ነበር። ከደሴ ብርድ ለብሶት የወረደውን የቆዳ ጃኬት በኮምቦልቻ ሙቀት አላወለቀም፤ ሮክ ለሚወድ ሰው ላብ መሥዋዕትነት ነው። መግቢያው ገና ሲጀመር እጁን አፉ ላይ አሰባስቦ «ሆቴል ካሊፎርኒያ! ሆቴል ካሊፎርኒያ በለን እንጂ!» እያለ መጣራት ያዘ። ጊታሪስቱ አንገቱን ነቀነቀለት፤ እሱ ግን እንቢ ያለው መስሎት ድምፁን ጨመረ። አጠገቡ ከሚገኘው ጠረጴዛ እራታቸውን የሚበሉ አንድ አዛውንት፣ በወጣትነታቸው በባቲና በሚሌ በኩል አሰብ ድረስ ከባድ መኪና ሲነዱ ይህንኑ ካሴት እስኪበጠስ ያዳመጡ ሰው ናቸው፣ እጁን ነካ አድርገው «ልጄ፣ እየተጫወተው እኮ ነው» አሉት። «አይ ጋሼ፣ ይሄ ሌላ ነው፤ እርስዎ አያውቁትም» ብሎ በትሕትና አረማቸውና መጣራቱን ቀጠለ። ዘፈኑ እየተዘፈነ ዘፈኑን የሚለምን ሰው ማየት ለሁሉም የሚገጥም ዕድል አይደለም። ፍቅሩ ከዘፈኑ አልፎ ወደ ዘፈኑ ስም የደረሰ አድናቂ ብቻ ነው እዚህ ከፍታ ላይ የሚወጣው።

በመጨረሻ የታወቀው ዜማ ሲገባ አዳራሹ ተናወጠ። ጩኸቱ የመጀመሪያዎቹን ስንኞች እንዳሉ ስለዋጣቸው ዘፋኙ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ምናልባትም ከንፈሩን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ነበር፤ ማንም አይከሰውም። በዚያች ቅጽበት ስልኮች ሁሉ ወጡ። የእኛ ጎበዝ የስልኩን መብራት ጭምር አበራና በቀጥታ ጊታሪስቱ ዓይን ውስጥ ለቀቀው። ጊታሪስቱ ዓይኑን ሲጨፍን ሕዝቡ «ተመሰጠ! ተመሰጠ!» እያለ አጨበጨበለት። ስንት የሙዚቃ ባለሙያ ለዓመታት የሚለፋበትን ምስጠት በአንድ የስልክ መብራት መስጠት መቻል ቀላል ስጦታ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያለውን የቀረጻ ጥበብ ደግሞ በሳይንስ ካልሆነ በቀር ማድነቅ አይቻልም። በገላጣ ቦታ ከድምፅ ምንጭ ያለን ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የድምፁ መጠን 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። በርቀት ከተሰቀለው ስፒከር ይልቅ ስልኩን የያዘው ሰው አፍ ለስልኩ ማይክሮፎን እጅግ የቀረበ ስለሆነ፣ ድምፁ ጎልቶ ይገባል። ስልኩም የሚጎላውን ድምፅ አቅሙ እስከሚፈቅድ ለማመጣጠን ስለሚታገል፣ ከባዱ የቤዝ ድምፅ እንደ ጆንያ ተፍረክርኮ፣ ጊታሩ ሳስቶ፣ የባለ ስልኩ ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ይቀረጻል። ሰነፍ ሰው ይህን ጉድለት ይለዋል። አስተዋይ ግን መሣሪያው ማን የምሽቱ ዋና ድምፃዊ እንደነበር ለይቶ መመስከሩን ይረዳል።

የማስቀመጫውም ነገር አለ። በተለመደው ጥራት የሚቀረጽ ቪዲዮ በደቂቃ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት የሚደርስ ቦታ ስለሚወስድ፣ አንድ ‹ሆቴል ካሊፎርኒያ› ብቻውን ግማሽ ጊጋባይት ቢጨርስ አይገርምም። ልክ ሁለቱ ጊታሮች መነጋገር ሲጀምሩ፣ ዓለም የሚያውቀው የማሳረጊያ ሶሎ ሲነሳ፣ የአድናቂያችን ስልክ ቦታ መሙላቱን አሳወቀ። አልደነገጠም። አንገቱን ደፍቶ፣ ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ፣ የሚሰረዝ ይመርጥ ገባ። የእህቱን ሠርግ ሥዕሎች አየና ጥቂት አመነታ፤ ሙሽራዋን ትቶ ሚዜዎቹን ሰረዘ። አሁንም አልበቃም። የሐይቅ ሽርሽሩን ሰረዘ። ቀና ሲል ሶሎው አልቆ ሰዉ ያጨበጭባል፤ ጭብጨባውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምንም ሳያጎድል ቀረጸ።

በዚህ ትጋት ላይ ክፉ የሚናገሩ አልጠፉም። ሊንዳ ሄንከል የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናታቸው፣ በሙዚየም ውስጥ ዕቃዎችን ፎቶ ያነሱ ጎብኚዎች ዝም ብለው ካዩት ይልቅ ያዩትን እንደሚረሱ አሳይተዋል። ለካሜራው አደራ የተሰጠውን ነገር አእምሮ መያዙን ይተወዋል የሚል ሐሳብ ነው ያላቸው። ሆኖም በዚያው ጥናት፣ ካሜራውን አቅርበው የዕቃውን አንድ ክፍል ያነሱት ሰዎች ብዙም እንዳልረሱ ተገኝቷል፤ ይህ ለእኛ አድናቂ ታላቅ ማስረጃ ነው። እሱም በዘፈኑ አጋማሽ ላይ ካሜራውን አዙሮ በደንብ አቅርቦ ነበርና፣ የገዛ ፊቱን እስከ ዕድሜ ልኩ አይረሳውም።

ደግሞስ ትልልቆቹ አድናቂዎች ምን ሠርተው ነው ስማቸው በታሪክ የሚነሳው? እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1965 ቢትልስ ኒውዮርክ በሚገኘው ሺያ ስታዲየም ሲጫወቱ ከ55 ሺሕ በላይ ሰው ገብቶ ነበር። ለዚያ ጉዞ የተዘጋጁት ባለ 100 ዋት ማጉያዎች ጩኸቱን ሊበልጡት አልቻሉም፤ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው የሚጫወቱትን መስማት ተስኗቸው ነበር። በዓመቱ፣ ነሐሴ 1966 ሳንፍራንሲስኮ ላይ ካቀረቡት ዝግጅት በኋላ ለሕዝብ እየዞሩ መጫወቱን እርግፍ አድርገው ተዉት፤ ለዚህ ብዙ ምክንያት ቢኖርም ጩኸቱ አንዱ ነው። አንድን ባንድ እስከ መድረክ ማስተው የደረሰ ፍቅር ከዚያ ወዲህ አልታየም ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ በጉዳዩ ላይ እየሠሩበት መሆኑን መግለጽ ያስደስታል። ጃክ ዋይትና ቦብ ዲላንን የመሰሉ ሙዚቀኞች ታዳሚው ስልኩን በሚቆለፍ ከረጢት ከትቶ እንዲገባ ማድረጋቸው የሚሰማው እንግዲህ ይህን መሰሉን ፍቅር መሸከም ቢያቅታቸው ነው። እኛ ዘንድ ከረጢት የለም፤ ቢኖርም ጎበዙ ሁለተኛ ስልክ አያጣም።

አንዳንድ የአካባቢው አዋቂዎች፣ «ይህ አገር እኮ አምባሰልና ባቲ የተባሉ ቅኝቶች የተጠሩበት ነው፤ የወሎ ላሊበላ ኪነትን ያፈራ፣ የማሪቱ ለገሰን ድምፅ የሰማ ሕዝብ ሙዚቃ እንዴት እንደሚደመጥ ያውቃል» እያሉ ይቆጫሉ። እንደነሱ አባባል አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ፣ ግጥም የሚሰጠው ሰው «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን እስኪጨርስ ሌላው ይታገሣል፤ ስንኙ ሁለተኛ ላይደገም ይችላልና ወርቁ እንዳያመልጠው ሁሉም ጆሮውን ያቀናል። መንዙማም ላይ ቢሆን መሪው አውርዶ ሲያበቃ ነው ጀማው የሚቀበለው፤ በመሪው ቃል መካከል «እኔ ልጨርስልህ» የሚል አይገኝም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሥርዓት የተደማጩን ማንነት ከአድማጩ ለይቶ የሚያይ የቀድሞ ዘመን አሠራር መሆኑ አይካድም። የዛሬው አድናቂ ተራውን አይጠብቅም፤ ግጥሙን የማያውቀውም ቢሆን ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ የአፍንጫ ድምፅ ጨምሮበት ይወጣዋል፤ የሚያውቃቸው ሁለት ቃላት፣ ማለትም የዘፈኑ ርዕስ፣ ሲደርሱ ደግሞ እስከ ጦሳ ተራራ የሚሰማ ድምፅ ያወጣል። ዘፋኙም እዚያች ላይ ሲደርስ ማይክሮፎኑን ወደ ሕዝቡ ማዞር ለምዷል፤ ሰዎች ይህን አክብሮት ይሉታል፣ ባይሆን እንኳ እረፍት ነው።

በማግስቱ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች ቡና ቤት አቦሉ ሲቀዳ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ምስሉ ላይ ግማሽ ድረስ የፊተኛው ሰው ማጅራት፣ ከዚያ ሌላ ሰው የያዘው ስልክ፣ በዚያም ስልክ ውስጥ በጣም ያነሰ መድረክ ይታያል። ድምፁን የሰማ አንድ ጓደኛው «ይሄ የሚጮኸው ማን ነው ወላሂ?» ሲል ጠየቀ። «እኔ ነኛ!» አለ አድናቂያችን፤ ኩራቱ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ከዚያ ሁለተኛውን ስኒ ጨብጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የምሽቱን ግምገማ አቀረበ። ጊታሪስቱ መጥፎ እንዳልነበር፣ ነገር ግን ሶሎውን እንደ ኦሪጅናሉ እንዳልተጫወተው፣ በተለይ መጨረሻዋ ላይ የሆነች ነገር እንደዘለለ አስረዳ። ሚዜዎቹን ሲሰርዝ ያለፈችው ያቺ ነገር መሆኗ ነው። ጓደኞቹም «ልክ ነህ፣ ካሴቱ ይሻላል» ብለው አጸደቁለት።

ወሬው በሳምንቱ ጊታሪስቱ ዘንድ ደረሰ። አልተቀየመም። ሰውየውን ሲያገኘው እጁን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ «ወንድሜ፣ አብሽር፣ ልክ ሳትሆን አትቀርም፤ እባክህ ያንን ቪዲዮ ላክልኝ፤ እኔም ያን ዕለት የተጫወትኩትን አልሰማሁትም» አለው።

አድናቂያችን በደስታ ሊልክለት ስልኩን አወጣ። ቪዲዮው ግን የለም፤ በማግስቱ ማታ ሌላ ባንድ ስለነበር ለቦታ ብሎ አጥፍቶት ኖሯል።