ሟቹን ያሳቅነው እኛ ነን

ወገኖቼ፣ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

ባለፈው ዓመት የሳይታችን ልጆች አጭር ቴአትር አዘጋጅተው ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲለማመዱ ሁላችንም አይተናል። «ድምፅ ቀንሱ!» ብለን የጮህንባቸውም አለን። በስንት ልመና ኮሚናሉ፣ የጋራ መጠቀሚያ ቤታችን፣ ለአንድ ቅዳሜ ተፈቀደላቸው። በእጃቸው የጻፉትን ማስታወቂያ በየብሎኩ መግቢያ ለጠፉ። መግቢያው በነጻ ነበር። ስንት ሰው መጣ? 14። ከእነሱ ውስጥ 6ቱ የተዋንያኑ እናቶች ናቸው።

ፊት ለፊት ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ግን ጢም ብሏል። አርሴናል ይጫወታል። መጨረሻው ላይ ዋናው ልጅ ሞቶ መሬት ላይ ተዘርግቷል። እናቱን ሆና የምትጫወተው ልጅ ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች። የእውነት ነበር ያለቀሰችው፣ አንጀት ትበላለች። በዚህ መሀል ከማዶ «ጎ...ል!» የሚል ጩኸት ቤቱን አናጋው። ሟቹ ሳቀ። ምን ያድርግ? እኛም ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ እነዚያ ልጆች ሲለማመዱ አይቼ አላውቅም። ደረጃው ላይ አሁንም ይቀመጣሉ፣ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው። እኛም በአጠገባቸው ስናልፍ «የዘንድሮ ልጆች ከስልክ ሌላ አያውቁም» እንላለን። ትንሽ አናፍርም?

ኳስ አትዩ አልወጣኝም። እኔም የአርሴናል ደጋፊ ነኝ፤ መከራዬን የማውቀው እኔ ነኝ። የሚያናድደኝ «እዚህ ዳር ወጥተን ምን መዝናኛ አለ?» የምንላት ነገር ናት። ቡና በተፈላ ቁጥር ትነሳለች። እርግጥ ውሸት አይደለችም። ስመ ጥሮቹ ቴአትር ቤቶች መሀል ከተማ ናቸው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት፣ አሁን እኛ ልብስ የምናሰጣበት ቦታ የገበሬ ማሳ ነበር። ማታ ቴአትር አልቆ ሲወጣ የኮዬ ታክሲ መጠበቅ ምን እንደሆነ ደግሞ ለእናንተ አልነግርም።

ግን እስቲ እንተማመን። የገና ማግስት ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ዓሣ ልንበላ ስንሄድ ሩቅ አልነበረም። ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጠን ሱሉልታ ድረስ ለጥሬ ሥጋ ስንሄድስ ማን ተማረረ? ኪሎ ሜትር መቁጠር የምንጀምረው መጽሐፍ ወይም መድረክ ሲነሳ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ያኔ የሸሸው ቢያንስ ፈርቶ ነው። እኛ ምን አስፈራን?

ደግሞም ርቀት ለወላጆቻችን ሰበብ አልሆነም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሬዲዮ የሌለው ሬዲዮ ካለው ጎረቤት ቤት ሄዶ ያዳምጥ ነበር። እናቴ መጽሐፉን በእጇ ነክታው አታውቅም። ጉዱ ካሳን ግን እንደ ሰፈሯ ሰው ታውቀዋለች። «እሱ እኮ እብድ አልነበረም፣ እብድ ያሉት እነሱ ናቸው» ትላለች እስከ ዛሬ። አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ክፍል፣ አሥራ ምናምን ሰው። የእኛ ኮሚናል ከዚያ ክፍል ስንት እጥፍ ይሰፋል?

እንዲሁ ከማማረር ብዬ ባለፈው ጥር ሚኒባስ ኮንትራት ያዝኩ። ከብሎካችን 11 ሰው ሆነን መሀል ከተማ አንድ ቴአትር ቤት ሄድን። የእሁድ ከሰዓት ስለሆነ የማታ ታክሲ ሰበብ አልነበረም። የአንዷ ፀጉር እስኪደርቅ ስንጠብቅ 20 ደቂቃ አረፈድን። ጨለማ ውስጥ የስልክ መብራት እያበራን፣ የሰው እግር እየረገጥን ገባን። ገና ሳንደላደል የአንዱ ጎረቤታችን ስልክ ጮኸ። አነሳው! «ቲያትር ነኝ! አዎ! አይ፣ ገና ነው፣ አልሞተም!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተዋናዩ ንግግሩን አቁሞ ጠበቀን። መድረክ ላይ ቆሞ፣ እጁን እንዳነሳ፣ እኛ ስቀን እስክንጨርስ።

ይሄ እንኳ ይሁን። ያልወጣልኝ ሌላ ነገር ነው። ቴአትሩ ውስጥ ባል ሚስቱን በጥፊ ይመታል። አዳራሹ ሳቀ። ደገማት፣ ባሰ ሳቅ። ምኑ ነው የሚያስቀው? ወገኖቼ፣ እየጠየቅኳችሁ ነው። ለተጫወተችው ሴት ሳቁ ከጥፊው ይልቅ እንደሚያም አስባችሁታል? ከጎኔ የተቀመጠች የብሎካችን ሴት አልሳቀችም። ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ ፊት ለፊቷን ታያለች። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኛ ሚኒባሱ ውስጥ «አሪፍ ነበር፣ በደንብ አሳቀን» እንባባላለን። ምን እንዳየን ሳናውቅ ነው የተመለስነው።

የመጽሐፉ ነገር አጭር ነው። ያዋስኳችሁን መልሱ። ሦስቱ ከብሎካችን ሳይወጡ ጠፍተዋል። አንደኛው የቴሌቪዥን ማስደገፊያ ሆኖ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዝም ያልኩት ቡና ተጋብዤ ስለነበር ነው።

አሁን ወደ ኮሚናሉ ልመለስ። እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት የማኅበራችን ስብሰባ አለ። አጀንዳው ኮሚናሉን ለግሮሰሪ ማከራየት ነው። ግሮሰሪ ቸግሮን ነው? ከብሎካችን እስከ ታክሲ መያዣው ቆጥሬ 9 ደርሻለሁ። የኪራዩ ብር ለጥበቃ ደመወዝና ለውኃ ፓምፕ ጥገና እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጭራሽ አይከራይ አልልም። ውሉ ላይ በወር አንድ ቅዳሜ ለልጆቹ ይሁን ተብሎ ይጻፍ ነው የምለው። እንደ ልማዳችን ቀርተን ሰኞ ዕለት «ማን ወሰነው?» እንዳንል። ስትመጡ በርጩማ ያዙ፣ ወንበር አይበቃም።

ሟቹን ልጅ ትናንት ደረጃው ላይ አግኝቼ አነጋገርኩት። ከተፈቀደ ትሠራላችሁ ወይ አልኩት። ከስልኩ ቀና ብሎ ትንሽ አሰበ።

«ጨዋታ የሌለበት ቀን ከሆነ እሞታለሁ» አለኝ።