የሻይ ፊሽካ

ትናንት ማለዳ ባለቤቴ ለሻይ ፊሽካ ነፋብኝ።

ፊሽካውን የሰጠሁት እኔው ነኝ። የምንኖርባት ባለ ሸራ ጀልባ ርዝመቷ 11 ሜትር ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት በሳንባ ምች ታሞ ከሆስፒታል ሲወጣ ድምፁ ከሹክሹክታ አያልፍም ነበር፤ እኔ ላይ ሆኜ ገመድ ስፈታ እሱን ታች ቢያፍነው አልሰማም ብዬ ሰጋሁ። ስለዚህ የነፍስ አድን ሰደርያው ላይ የታሰረችውን ፊሽካ ፈትቼ አንገቱ ላይ አጠለቅሁለት። ለነፍስ ነበር። አሁን ለሻይ፣ ለትራስ፣ ለመነጽር፣ "ያ የሚንቋቋው ምንድን ነው?" ለማለት ሆናለች። እንዲህ የሚነፋ ሳንባ ተነሥቶ ሻይ ማፍላት አያቅተውም ነበር፤ ይህን ግን ለበሽተኛ አይናገሩትም። ትኩሳቱ ቢወርድም ድካሙ ለሳምንታት ይቆያል ብለውናል፤ እሱም ይህችን ቃል በልቡ ይዟታል።

ሰውየው ደግሞ ሥርዓት ያውቃል፤ የኔዘርላንድ ሰው ነው። በባሕር ሕግ አንድ አጭር ድምፅ "ወደ ቀኝ እየታጠፍሁ ነው" ማለት ነው፤ ሁለት ሲሆን ወደ ግራ፤ ሦስት ሲሆን "ሞተሬ ወደ ኋላ እየገፋ ነው"፤ አምስት ሲሆን ደግሞ "ምን ልታደርግ እንዳሰብህ አልገባኝም"። ባለቤቴ በአንድ ፊሽካ በቀኝ ጎኑ፣ በሁለት በግራ ጎኑ እንዳስተኛው ያዝዛል። የመጀመሪያውን አጥሚት ይዤለት ስወርድ አምስት ጊዜ ነፋ።

አጥሚቱ የእናቴ ትእዛዝ ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ተቀምጣ ባሕር ላይ ያለ በሽተኛ ታክማለች። "የሳንባ ምች ይዞታል" ብዬ ስደውል ሳንባውን ትታ ምቹን ያዘች። ምች ከሆነማ ምን ችግር አለ! ፀሐይ ላይ ምን አበላሽው? ዳማከሴ ጨምቀሽ በቡና አጠጪው፤ በተረፈው ገላውን እሺው፤ ሸፍነሽ አስተኚው።

"እማዬ፣ ይህ ሌላ ምች ነው። ከባክቴሪያ የሚመጣ ነው።"

"ስሙ ምች አይደለም እንዴ?"

ምን ይመለሳል? ለሳንባ በሽታ ይህን ስም ያወጣውን ሰው ባገኘው ከእናቴ ጋር አገናኘው ነበር። ያለነው ግሪክ፣ ሌፍካዳ ደሴት፣ ቭሊሆ በሚባል ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ወይራ እንጂ ዳማከሴ የለም ብላትም አላመነችኝም። "አጥር ሥር ፈልጊ፤ አይጠፋም" አለችኝ። ጀልባ አጥር እንደሌላት እስከ አሁን አልነገርኋትም።

ወደ ፊሽካዋ ልመለስ። ትናንት የሰማኋት እኔ ብቻ አልነበርሁም። ባሕር ላይ ፊሽካ "ድረሱልኝ" ማለትም ነውና ጎረቤታችን በውስጥ ሱሪው የጎማ ጀልባውን እየቀዘፈ ደረሰ። ደግ ሰው ነው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልረሳው የቆየሁ ሰው ነው።

መልሕቅ ጀልባን የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም። ሰንሰለቱ መሬቱ ላይ ረጅም ሆኖ ሲተኛ ጉተታው ወደ ጎን ይሆናል፤ መልሕቁም ወደ ታች ይቀበራል። ስለዚህ ለ6 ሜትር ጥልቀት 30 ሜትር ሰንሰለት እንለቃለን። የቭሊሆ መሬት ጭቃ ስለሆነ አጥብቆ ይይዛል። ይህ ሰው በነሐሴ ወር አንድ ማታ መጣና ሰንሰለቱን በእኛ ሰንሰለት ላይ አጋድሞ ተኛ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ለመሄድ ብንስብ የእሱም አብሮ ወጣ። እኔ በሆዴ ተኝቼ፣ እስከ ክርኔ በጭቃ ተለውሼ፣ በሜንጦ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታገል እሱ ቡናውን ይዞ ቆሞ ያየኝ ነበር። በመጨረሻ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ግሩም ጭቃ ነው፤ አይለቅም!" ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። ዛሬም አልወጣም።

ታዲያ ይኸው ሰው ትናንት ጥሪው የሻይ መሆኑን ሲያውቅ ቁጭ አለና ሻዩን ጠጣ። ሁለት ብርጭቆ። ከዚያ ሽንት ቤት ገባ። የእኛ ሽንት ቤት ውኃው በእጅ የሚገፋ ነው፤ 20 ጊዜ ይገፋል። 12 ላይ ሲያቆም በግድግዳው ማዶ ባለቤቴ አምስት ጊዜ ነፋ። በዚህ ጊዜ ብቻ ፊሽካዋን ወደድኋት።

ጠያቂ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሀገር አይለይም። የእኛው ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ የእነዚህ ኬክ። ከዚያ የራሱን በሽታ ያወራል። የጠጣበትን ብርጭቆ የማጥበው ግን እኔ ነኝ፤ ውኃችን 300 ሊትር ብቻ ናት፣ የውኃው ሞተር ሲያጉረመርም ደግሞ ከታች "ዘጠኝ ሰከንድ ሠራ! ምን አጠብሽ?" የሚል በሽተኛ አለኝ። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ የግሪኩ የመርከብ ከበርቴ ኦናሲስ በፈረንጆቹ 1968 የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ሚስት የነበረችውን ዣክሊን ኬኔዲን ያገባባት ስኮርፒዮስ ደሴት አለች፤ ዣክሊን በፊሽካ ተጠርታ ብርጭቆ ስታጥብ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ግን አላየሁም።

አባቴ የሚወዳት ተረት ነበረች፦ "ታሞ የተነሣ እግዜርን ረሳ"። እኔም እወዳታለሁ። እግዜርን የረሳ ሰው አስታማሚውን ከወዴት ያስታውሳል? ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዴት አደረ፣ በላ ወይ፣ ሳለ ወይ ሲሉኝ፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ ያለኝ አንድም የለም። አንድ! እናቴ እንኳ ከአጥሚቱ ቀጥላ የጠየቀችኝ ስለ ዳማከሴው ነው።

ብቻ ፊሽካዋን ዛሬ እኩለ ቀን ላይ፣ እንቅልፍ ሲወስደው፣ ከአንገቱ ፈታሁና በርበሬ ጣሳ ውስጥ ቀበርኋት። ላይ ወጥቼ በሰላም ተቀመጥሁ። ይህን መጻፍ እንደ ጀመርሁ ከታች ማንኪያ ድስት ሲመታ ሰማሁ። ቆጠርሁ፤ አምስት።