«ኢሚዩኒቲህ ደክሞ ነው» አትበሉት

ቅዳሜ ገበያ የሄደ ያውቀዋል። በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ፣ የሽፈራው ዱቄት፣ ፌጦ፣ ዝንጅብል ከነጭ ሽንኩርት ጋር። ከኮሮና ወዲህ የሁሉም ማሻሻጫ አንድ ሆኗል፦ «ኢሚዩኒቲ ይጨምራል!» ጉንፋን የያዘው ይጠጣ፣ ችግር የለውም። የሚያሳስበኝ ይሄው ምክር በዘር ለሚወረስ የአንጎል በሽታ ሲሰጥ መስማቴ ነው።

ሀንቲንግተን የሚባለውን እንውሰድ። ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ጣቶች ሳያዟቸው ይወራጫሉ፣ ትከሻ ነጠቅ ነጠቅ ይላል፣ የቡና ስኒ ከእጅ ያመልጣል። ሲራመድ ሲንገዳገድ ያየ ጎረቤት «በጠዋቱ ጠጥቶ ነው» ይላል። ቤተሰቡ ደግሞ ከዚያ በፊት ጠባዩ መለወጡን አይቷል፤ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ይተክዛል፣ የጀመረውን መጨረስ ያቅተዋል። መነሻው በ4ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ዘረመል ነው፤ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ዘረመል ከሚጻፍባቸው ፊደላት ሲ፣ ኤ፣ ጂ የሚባሉት ሦስቱ እዚያ ላይ 40 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተደጋገሙ፣ ሰውየው ዕድሜ ከሰጠው በሽታው አይቀርለትም።

አሁን ወደ ኢሚዩኒቲው ልምጣ። አንጎል የራሱ መከላከያ ሕዋሳት አሉት፣ ማይክሮግሊያ ይባላሉ። ከዚያ ዘረመል የሚሠራው የተበላሸ ፕሮቲን በነርቭ ሕዋሳት ብቻ አይቀርም፤ በእነዚህም፣ በነጭ የደም ሕዋሳትም ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ሌባ ሳይመጣ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚተኩስ ዘበኛ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ዘረመሉን በወረሱ ሰዎች ደም ውስጥ ኢንተርሉኪን 6 የተባለው ብግነት (የመከላከያ ሕዋሳት ቁጣ) ቀስቃሽ ከፍ ብሎ አግኝቷል። መቼ? ምልክቱ ይጀምራል ተብሎ ከሚገመትበት ጊዜ በአማካይ 16 ዓመት ቀድሞ! እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ማይክሮግሊያ በነርቭ ሕዋሳት መካከል ያሉትን መገናኛዎች ያለጊዜያቸው እንደሚበሉ፣ በአይጦች ላይ ይህን ማገድ ጉዳቱን እንደሚቀንስ ታየ።

እንግዲህ ይሄ ሰው ምኑ ነው የደከመው? መከላከያው ከልክ በላይ ነቅቷል እንጂ አልተኛም። «ኢሚዩኒቲህ ደክሞ ነው» ስንለው ሐሰት መናገራችን ሳያንስ ጥፋቱንም በእሱ ላይ እናደርጋለን፤ ደህና ስላልበላ፣ ራሱን ስላልጠበቀ የታመመ ይመስል። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መከላከያውን ዝም ማሰኘትም ቀላል መፍትሔ አይደለም። ላኪኒሞድ የተባለ ብግነት አብራጅ መድኃኒት በሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ የእንቅስቃሴውን ችግር አላሻሻለም፤ ውጤቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ትልቅ ጥናት ያልቻለውን በብልቃጥ የሚሸጥ ሰው ካለ እጠረጥረዋለሁ።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ጎንደሬዎች ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ጥሩ ልማድ ነው፣ ከሁለቱም ወላጆች ሲወረሱ ብቻ የሚይዙ በሽታዎችን ይቀንሳል። ሀንቲንግተን ግን አንድ ወላጅ ይበቃዋል፤ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። የዘመድ ቆጠራው አያቱ ማን እንደነበሩ ይናገራል፣ በምን እንደሞቱ ግን አይናገርም። «ዛር ነበረባቸው»፣ «ቡዳ በላቸው» ተብሎ ይታለፋል፤ ልጅ ለመዳር ሲባልም ይደበቃል። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ግን ሐኪም ሲጠይቀው «አባቴም እንዲህ ይወራጩ ነበር» ማለት አለበት። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሌለች ሐኪሙም ሌላ በሽታ ሲፈልግ ይከርማል።

ምርመራው የደም ናሙና ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ከባዱ መልሱን መስማት ነው። ስለዚህ ምልክት የሌለበት ሰው ከመመርመሩ በፊት የሚያማክረው ባለሙያ ያስፈልገዋል። ልጅን ያለ ምልክት መመርመር አይገባም፤ አድጎ ራሱ ይወስን፣ አላውቅም ማለትም መብቱ ነው። ዛሬ በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት የለም። መወራጨቱንና ድብርቱን የሚያስታግሱ ግን አሉ፣ እነሱን ለማግኘትም የነርቭ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።