«ዱረብል» እስከ መቼ ነው?

ሦስተኛው የቻርጀር ገመዴ ዛሬ አረፈ። እንደ ወንድሞቹ አንገቱ ላይ ተሰነጠቀ። ልጥለው ስል ማሸጊያውን መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት «ዱረብል» ይላል። ሦስት ወር እንኳን አልሞላውም እኮ!

ቆይ፣ ይህቺን ቃል «ጠንካራ» ብለን የምንተረጉም ስንቶቻችን ነን? እኔ አንዱ ነበርኩ። ግን ጠንካራና ዱረብል ለየቅል ናቸው። መስታወት ጠንካራ ነው፤ አንዴ ከእጅ ካመለጠ ግን አበቃለት። የመኪና ጎማ ይለመጣል፤ ግን ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ዱረብል የሚባለው እየተጎተተ፣ እየታጠፈ፣ እየታጠበ ሳይበላሽ ረጅም ጊዜ የሚያገለግል ነገር ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለሰላም ስምምነትም ይሉታል፤ ቶሎ የማይፈርስ ለማለት። ጉዳት የማያውቀው ስፖርተኛም ዱረብል ይባላል። የኔ ገመድ ግን ገና በመጀመሪያው ጨዋታ በቃሬዛ የሚወጣ ዓይነት ነው።

ለነገሩ ቃሉ ራሱ ያሳስታል። ሥሩ ላቲን ነው። «ዱሩስ» ጠንካራ ማለት ነው፤ «ዱራሬ» ደግሞ መጠንከርም መቆየትም። የጊዜ ርዝመትን የሚገልጸው «ዱሬሽን»ም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። እንግዲህ ዕቃው ላይ ዱረብል ብሎ የጻፈ ሰው ስለ ጊዜ ቃል ገብቷል። ታዲያ ስንት ጊዜ? እሱን አይነግራችሁም። ሦስት ወርም ጊዜ ነው በሉኝ እንግዲህ!

ቁጥር ማስቀመጥ አይቻልም እንዳትሉኝ። የአሜሪካ መንግሥት የኢኮኖሚ መረጃ ሲያጠናቅር «ዱረብል ጉድስ» የሚለው በአማካይ ቢያንስ 3 ዓመት የሚያገለግሉ ዕቃዎችን ነው። መኪና፣ ፍሪጅ፣ ሶፋ። አለቀ። ማሸጊያ ላይ ሲደርስ ነው ቁጥሩ የሚጠፋው።

ደግሞ ዕቃ እንዲቆይ ማድረግ አቅቷቸው ነው ብዬ አላምንም። እ.ኤ.አ. በ1924 ትልልቆቹ የአምፖል አምራቾች ጄኔቫ ላይ ፊበስ የሚባል ካርቴል፣ ማለትም ከመፎካከር ይልቅ ገበያውን ተስማምተው የሚቆጣጠሩበት ማኅበር አቋቋሙ። ከዚያ በፊት 1,500 ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚበሩ አምፖሎች ነበሩ። እነሱ ተስማምተው ወደ 1,000 ሰዓት አወረዱት። አምፖሉ ከዚያ አልፎ ብዙ የበራበት ፋብሪካ ይቀጣ ነበር። አያችሁ፣ ለረጅም ጊዜ ስለሠራ ቅጣት! እና እኔ ለገመዴ አንገት የሚያስብልኝ አለ ብዬ እጠብቃለሁ።

«የያዝክበት መንገድ ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ስልክ ለመሙላት ሥልጠና ልውሰድ እንዴ? ገመድ ይሰካል፣ ይነቀላል፣ ይጠቀለላል። ሥራው ይኸው ነው። ይህን የማይችል ከሆነ ለምን ዱረብል ይባላል? «በጥንቃቄ ይያዙ» ብለው ይጻፉበትና እንተዋወቅ።

ይህን የምጽፈው ስንጥቁን በፕላስተር ጠቅልዬ፣ ገመዱን በግራ እጄ ጠምዝዤ ይዤ ነው። ትንሽ ላላ ካደረግኩት መሙላቱን ያቆማል። 4 ፐርሰንት ላይ ነኝ፣ ኮሜንታችሁን ቶሎ ቶሎ በሉ።