ማስተካከያ፦ የቮልስ ፖይንት በኤሌክትሮኒክ ሲቀየር

የቮልስን ፖይንት (ዲስትሪቢዩተር ውስጥ የኮይሉን ከረንት እየቆራረጠ ብልጭታ የሚያስነሳውን መገናኛ) በርካሽ ኤሌክትሮኒክ ሞጁል ስለመተካት ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ «ማንኛውም ኮይል ይሠራል» ተብሎ ነበር። አይሠራም። ኮይል ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ዕቃ ነው፤ ለ12 ቮልት ቮልስ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ወደ 3 ኦም የሚጠጋ ኮይል ይሻላል። ከ1.5 ኦም በታች ከሆነ ብዙ ከረንት ስቦ ሞጁሉን ሊያቃጥል ይችላል። የኮይሉን ሽቦዎች ነቅላችሁ ኮይሉ ላይ 15 እና 1 በተጻፈባቸው ጫፎች መካከል በመልቲሜትር ለኩ። በተለመደው ባለሁለት ሽቦ ሞጁል ቀዩ 15 ላይ፣ ጥቁሩ 1 ላይ ይታሰራል። ከተገለባበጠ አለቀለት፣ ገንዘባችሁ ጭስ ሆነ ማለት ነው።

«ታይሚንግ መንካት አያስፈልግም» የሚለውም ይሰረዝ። ከእንግዲህ የማያስፈልገው የፖይንት ክፍተት ማስተካከል ብቻ ነው፤ ታይሚንግ (ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበት ቅጽበት) እንደገና ይታያል። ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ከፍቶ መቀመጥም ይቅር፣ ሞጁሉ ይግላል። አሮጌውን ፖይንትና አብሮት የሚሠራውን ኮንዴንሰር ግን አትጣሉ። ሞጁሉ መንገድ ላይ ቢሞት በካቻቪቴ መልሳችሁ ታስሯቸዋላችሁ።